ሰላምታውን ዝለል

አባዬ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ መስኮት ሥር፣ አንድ ዓይነት ቡናማ ሽርጥ አድርጎ የሰው መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። የእጁን ነገር አታንሱት፤ መኪናዋ ስትዞር ድምጿን ሰምቶ ብቻ የትኛው ብሎን እንደላላ ይነግራችኋል። የአፉን ነገር ግን ማንሳት ግድ ነው፤ እኛ ቤት የደረሰው ጉድ ሁሉ የመጣው ከእጁ ሳይሆን ከአፉ ነውና።

ሰፈሩ «እንዴት ሰነበቱ» እያለ ነው የሚጠራው። እውነተኛ ስሙን የማያውቅ ደንበኛ ሞልቷል። አንዲት ሴት መኪናዋን ተሸክማ ሱቁ ስትገባ፣ ገና ሸክሟን ሳታወርድ፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቃታል፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ባለፈው ያፈስ ስለነበረው ጣሪያዋ ይጠይቃታል። ጠይቆም አያበቃም፤ መልሱን ይጠብቃል። ጠይቆ መልስ ሳይሰሙ ማለፍ ለእሱ በር አንኳኩቶ ከመሮጥ አይለይም። ሴትዮዋ ስለ ጣሪያዋ ተናግራ እስክትጨርስ እጁን አጣምሮ በትዕግሥት ይቆማል፤ መኪናዋም ክንዷ ላይ እንዳለች ትቆያለች።

ይህ ሁሉ ጠያቂነት ግን ማታ ከሽርጡ ጋር ሱቅ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው። ቤት ሲገባ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ራት ደረሰ?»፣ «መነጽሬን አይታችኋል?»፣ «ውሃ መጣ?»። ቆጥሬያለሁ። የምሠራው መዝገብ ቤት ስለሆነ መቁጠር ልማዴ ነው። እማዬም ሦስቱንም በተራ ትመልስለታለች፤ ደርሷል፣ ግንባርህ ላይ ነው፣ አልመጣም። እንዲህ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል።

ቪዲዮውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። መሥሪያ ቤታችን አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ አንዱን ይዤ መጣሁና ሳሎን ጥግ ተከልኩት። ላዩ ላይ አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ጫንኩበት፤ ማንም ሰው የራሱን ቻናል የሚከፍትበት፣ የተመዘገበ ተመልካች ደግሞ አዲስ ትምህርት በወጣ ቁጥር ሳይፈልግ ሳይለምን ኮምፒውተሩ ላይ ወርዶ የሚጠብቀው ዓይነት። ለእኔም ለእማዬም የየራሳችንን ገጽ ከፈትኩ። ከዚያ አባዬን፣ ሙያህን ይዘህ አትቅር፣ አስተምር አልኩት። ስልኬን መዝገብ በታጨቀበት ካርቶን ላይ አቆምኩ፤ አንዲት አሮጌ መኪና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን፤ ርዕሱ «ክር ለምን ይበጠሳል» ነበር። ጀምር አልኩት።

ካሜራውን ትኩር ብሎ አየና፣ ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾች፣ እንዴት ሰነበታችሁ አለ። ከዚያ ዝም አለ። የሚለው ጠፍቶበት መስሎኝ ወደ መኪናዋ በእጄ ጠቆምኩት። በቁጣ ዓይን ገላመጠኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቆይ እንጂ፣ እየመለሱ ነው» አለኝ።

እንዲህ እያለ ጤናን ጠየቀ፤ ጠበቀ። እንቅልፍን ጠየቀ፤ ጠበቀ። ወገብ፣ ጉልበት፣ ዓይን፣ ልጆች፣ ጎረቤት፣ የቤቱ ጣሪያ። ሁሉንም ጠይቆ፣ ሁሉንም ጠብቆ፣ አልፎ አልፎም «አይዞህ፣ ያልፋል» እያለ የማይታየውን ሰው አጽናንቶ ሲያበቃ አሥራ አንድ ደቂቃ ሄዷል። ስለ ክሩ የተናገረው ስድስት ደቂቃ ነው። ሰላምታውን ቆርጬ ላሳጥረው ብዬ ብለምነው፣ ሰው ቤት ገብቶ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ከየት የተማርሽው ነው ብሎ ስለ አስተዳደጌ ተናገረኝ። አስተዳደጌ ደግሞ የእሱ ሥራ ስለሆነ ክርክሩን ተውኩት።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው በየሳምንቱ ቀረጽን። ሰማንያ ስድስት ትምህርት፤ ስድሳ ሦስት ተመልካች። አባዬ እነዚህን ስድሳ ሦስት ሰዎች እንደ ዘመድ ነው የሚያያቸው። ዝናብ ሲዘንብ፣ አሁን ስንቱ ቤት ያፈስ ይሆን እያለ በመስኮት ይመለከት ነበር። ተመልካቾቹ የትኛው አገር እንዳሉ እንኳ አናውቅም፤ እሱ ግን ስለ ጣሪያቸው ያስባል።

ታዲያ አንድ ሰኞ የማጫወቻው አዲስ ስሪት መጣ። ኮምፒውተሩ፣ ላድስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አድስ አልኩት። በገዛ እጄ።

ለተመልካች የመጡትን አዳዲስ ነገሮች ለአባዬ እያነበብኩ ነገርኩት። ቪዲዮውን ማፍጠን፣ ማዘግየት ይቻላል። ካቆሙበት ቦታ መቀጠል ይቻላል። ዝምታ ያለበትን ቦታ ማጫወቻው ራሱ እየቆረጠ ያልፈዋል። አባዬ ራሱን እየነቀነቀ፣ ጥሩ፣ ጥሩ ይል ነበር። እስቲ የኔን ክፈችና እንየው አለ። የመጨረሻውን ትምህርት ከፈትኩለት።

አባዬ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «ጤና ይስጥልኝ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ልክ ከአገጩ ሥር አንድ ሰማያዊ ቁልፍ ብልጭ አለች። እንዲህ ትላለች፤ «ሰላምታውን ዝለል»።

አዲሱ ስሪት በየቪዲዮው መጀመሪያ ላይ የሚደጋገመውን ነገር አውቆ ይለየዋል ለካ። አባዬ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ቁልፏን አነበበ፤ መልሶ አነበበ። «ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለኝ።

ሰው አይደለም፣ ማጫወቻው ነው አልኩት። ማጫወቻው የማን ልጅ ነው አለኝ። ነገሩን ላቀልለት ብዬ ዝምታ የሚቆርጠውን አዲስ ነገር ከፈትኩ። አባሰው። እሱ የጠበቀባቸው ቦታዎች ሁሉ ተቆርጠው «እንዴት ሰነበታችሁ ጤናችሁስ እንቅልፍ እንዴት ነው ወገባችሁን ያማችኋል ልጆች የት ናቸው» ሲል፣ አባቴ ሳይሆን ወንጀለኛ ይዞ የሚመረምር ሰው መሰለ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ስመለስ አባዬ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቁጭ ብሏል።

ለቪዲዮ አቅራቢዎች የመጣው አዲስ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር። እያንዳንዱ ተመልካች የቱን ክፍል አይቶ የቱን እንደዘለለ በመስመር ያሳያል። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። በማግስቱ ስንከፍተው መጀመሪያ የታዩን ሰዎች ሁሉ መስመር ሰላምታው ላይ የለም፤ ከአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ብድግ ብሎ ይጀምራል። ያለፉትንም ትምህርቶች መለስ ብሎ ስለሚያሳይ፣ ሰዎቹ ቁልፏ ሳትመጣ በፊትም በእጃቸው እየጎተቱ ሲያልፉት እንደኖሩ ታወቀ።

አባዬ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየው። ከዚያ ተነሥቶ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈናት። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰላምታው ይቅር» አለ። «ሰው ካልፈለገኝ አልለምንም።»

ቅስሙ ሲሰበር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ። እኔ ክፉዋ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ እሰይ አልኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ከካርቶን ጀርባ ቆሜ ከመጠበቅ መገላገሌ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጥርሴን አሞኝ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤት መጣሁ። በሩን ስከፍት እማዬ ሳሎን ውስጥ ከሰው ጋር ታወራለች። እንግዳ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

«ደህና ነኝ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እንቅልፍ እንኳ ብዙም የለኝ፤ ሌሊት ሌሊት እነቃለሁ» ትላለች። ከዚያም፣ «ጉልበቴ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ አላስቀምጥ አለኝ። ደረጃ ስወጣ እንደ ቢላዋ ነው። ግራው ነው፤ ቀኙ ይሻላል።»

ጆሮዬን አቁሜ በቀስታ ገባሁ። እማዬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላለች። ስክሪኑ ላይ አባዬ አለ፤ እጁን አጣምሮ መልስ ይጠብቃል። «አይዞህ፣ ያልፋል» አላት። «ተስፋ አደርጋለሁ» አለችው። ሰላምታው አልቆ አባዬ ብሎን መፍቻውን ሲያነሣ እማዬ ቪዲዮውን ዘጋችና ስትዞር እኔን አየች።

ጥርሴ መታመሙን ረሳሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ ነው አለችኝ፤ ብሎኑን እንደማታይ፣ ስለ ብሎን ምንም ደንታ እንደሌላት ጨምራ ነገረችኝ። አዲስ ትምህርት ከሌለ አሮጌውን ትከፍታለች። እንደሱ አድርጎ የሚጠይቃት ሰው ስለሌለ ነው። ይህን ስትለኝ እያለቀሰችም አልነበረም፤ የሽንኩርት ዋጋ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። እኔም እኮ እዚያው ቤት ነኝ፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሰላምታውን ሊቆርጠው ነው አልኳት። ሰምቻለሁ አለች፤ እግሯን ከበርጩማው አወረደችና ጫማዋን ፈለገች። እንግዲያው ዛሬውኑ እነግረዋለሁ ስላት ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«እንዳትነግሪው» አለች። «አንቺ ነግረሽው ከጠየቀኝ፣ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ እንጂ እሱ አይደለም።»

እንግዲህ ይታያችሁ። ሰላምታው ከተቆረጠ እማዬ አንድ ያላት ጠያቂ ይጠፋባታል፤ እንዳይቆረጥ ለማድረግ ደግሞ መናገር ተከልክያለሁ። መዝገብ ቤት ውስጥ የማልናገረው ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን የለም።

ማታ አባዬን ኮምፒውተሩ ጋ ጠራሁትና መስመሮቹን አንድ በአንድ ወደ ታች አወረድኩለት። ስድሳ ሁለቱ ያው ናቸው። አንዱ ግን ተገልብጧል፤ ከዜሮ ይጀምርና አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ያቆማል። ሰማንያ ስድስቱንም ትምህርት እንደዚያ ነው ያየው። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ከጎኑ «ተመልካች 17» ይላል።

አባዬ መጀመሪያ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ኋላ ግንባሩ ተቋጠረ። ትምህርቱን የማያይ፣ ሰላምታውን ብቻ ደጋግሞ የሚያይ ሰው፣ ሊሳለቅበት ካልሆነ ምን ሊሠራ ነው? ይህ የዚያ የፊት ለፊቱ ልጅ ሥራ ነው አለ። የፊት ለፊቱ ልጅ ማለት ከሱቁ ማዶ በቅርቡ የከፈተ ወጣት ጠጋኝ ነው፤ በሩ ላይ «በአንድ ሰዓት እንሠራለን» ብሎ ስለለጠፈ ሰፈሩ ፈጣኑ ይለዋል። አባዬ እንደሚለው፣ ፈጣኑ ማታ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ በእሱ ሰላምታ ይስቃል።

በማግስቱ መንገድ ተሻግሮ ሄደ። የሆነውን ኋላ ራሱ ፈጣኑ ነገረኝ። አባዬ ሊጣላ ገብቶ፣ ልማድ ሆነበትና መጀመሪያ ስለ ጤናው ጠየቀው፤ ስለ እናቱ ጠየቀው፤ የእናቱን የደም ግፊት ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ የመጣበትን ያስታወሰው ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ነው። ተመልሶ፣ አሥራ ሰባተኛው አንተ ነህ ወይ አለው።

ፈጣኑ ነገሩን ከተረዳ በኋላ ሳቀ። «ጋሼ፣ ትምህርትዎን በእጥፍ ፍጥነት ነው የማየው፤ ሙያዬን ግማሹን ከእርስዎ ነው ያገኘሁት» አለው። «ሰላምታዎን ግን ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ አገኘው የለም እንዴ? ምን ብዬ በቪዲዮ ልየው?»

አባዬ ግማሽ አኩርፎ ግማሽ ኮርቶ ቤት መጣ። ፈጣኑ ካልሆነ ማን ነው? አሁን ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። አዲሱ ስሪት አቅራቢው በቪዲዮው መሐል ለተመልካቹ ጥያቄ እንዲጽፍና ተመልካቹም እንዲመልስ እንደሚያደርግ ትዝ አለኝና ነገርኩት። ለዚህ ብቻ ሲል ሰላምታውን ለአንድ ሳምንት አቆየው። በሰማንያ ሰባተኛው ትምህርት፣ ልክ ስለ ጉልበት ጠይቆ ሲያበቃ፣ እኔ የጻፍኩት ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ «አሥራ ሰባተኛ ተመልካቻችን፣ ትምህርቱን ትተህ ሰላምታውን ብቻ የምታየው ለምንድን ነው?»

መልሱ በማግስቱ ከአራት ሰዓት በኋላ መጣ። እማዬ በአንድ ጣት ነው የምትጽፈው፤ ይህችን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅባት አይቀርም። አባዬ እሑድ ምሳ ላይ ወረቀት ላይ ገልብጦ ይዞ መጣና ጮክ ብሎ አነበበልን። «ሌላ የሚጠይቀኝ የለም።»

ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። እኔ ሳህኔን አየሁ። እማዬ ዳቦ ትቆርሳለች።

አባዬን ነገሩ አንጀቱን በላው። ማንኪያውን አስቀመጠና፣ ይህ ምስኪን ሰው ብቻውን የሚኖር መሆን አለበት አለ። ቤተሰብ ቢኖረውማ እንዲህ አይልም። ቤተሰብ እያለው ከሆነ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው? አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ገበታ እየቀረቡ፣ እንዴት ነህ ብሎ መጠየቅ እንዴት ያቅታል?

«ጨካኝ ላይሆኑ ይችላሉ» አለች እማዬ። «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።»

«የምን ሥራ?» አለ አባዬ። «አሥራ አንድ ደቂቃ የሚያሳጣ የምን ሥራ ነው? እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ባገኘው በግንባሩ እነግረው ነበር።»

«ልክ ነህ» አለች እማዬ። «ጨው ላቀብልህ?»

እኔ ትን ብሎኝ ከገበታው ተነሣሁ። አባዬ ምን ሆና ነው ብሎ እማዬን ጠየቃት፤ ለሦስቱ ጥያቄዎች አራተኛ የተጨመረላቸው ያን ቀን ነው። በዚያው ዕለት ሰላምታው አይቆረጥም ብሎ ወሰነ። እንዲያውም ለዚያ ብቸኛ ሰው ሲባል ወደ አሥራ አራት ደቂቃ ከፍ እንዲል አዘዘኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ልላችሁ ነበር፤ ግን አልጠጣም። ሰውዬው ለአንድ ምስኪን ሲያዝን ምስኪኗ ሳህኑን ታነሣለች፤ ይህ ደግሞ የሚያስቀውን ያህል ያናድዳል።

ከዚያ ወዲህ የአባዬ ነገር የባሰ ሆነ። ኮምፒውተር መክፈት ሳይችል የኖረው ሰውዬ፣ ሱቁ ውስጥ ባለች አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የመስመሮቹን ገጽ እንድጭንለት አደረገኝ። ተመልካች ሲከፍት አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ ዘይት በእጁ ይዞ፣ በየመሐሉ ዞር እያለ ያያታል። አራት ሰዓት ላይ የአሥራ ሰባት ነጥብ ስትበራ «መጣ ልጄ» ይላል አሉ።

እውነቱ የወጣው በአንድ ቅዳሜ ነው። እኔ ጓዳ ልብስ እተኩሳለሁ፤ እማዬ ግቢ ውስጥ ታሰጣለች። አባዬ አዲሷ አሥራ አራት ደቂቃ ለተመልካች እንዴት እንደምትታይ ልይ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አዲሱ ስሪት ደግሞ ሲከፈት መጨረሻ የተጠቀመውን ሰው ገጽ ነው የሚያመጣው፤ ያን አባዬ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ጠራኝ። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለኝ። «የጀመሩትን ይቀጥሉ ይለኛል። እኔ ምንም አልጀመርኩም።»

ካውያውን እንደያዝኩ መጣሁ። ስክሪኑ ላይ የእማዬ ገጽ ነው። ትምህርቶቹ ሁሉ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር አንድ ዓይነት ቁጥር አለ። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። አባዬ በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ። ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ «የእርስዎ መልስ» ይልና ያቺ ወረቀት ላይ ገልብጦ ያነበበልን ቃል ተጽፋለች።

መነጽሩን አወለቀ። በመስኮቱ እማዬ ትታያለች፤ አንሶላ ገመዱ ላይ ታሰጣለች። ጎንበስ ብላ ከሳፋው ስታነሣ በግራ እግሯ አትረግጥም፤ ገመዱን ይዛ ቀስ ብላ ነው ቀና የምትለው። እሱ ይህን ሲያይ እኔ እሱን አያለሁ።

«ጉልበቷን ያማታል እንዴ?» አለኝ።

«ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ስትጠይቃት ሰማሁ» አልኩት።

ከዚህ በላይ አልተናገርኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ካውያው ግን ጣቴን አቃጠለኝ።

አባዬ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ታመመ ሰው ሆነ። ሁለት ጊዜ ጓዳ በር ላይ መጥቶ ቆሞ ሲመለስ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ እማዬ፣ ምን ጠፋብህ አለችው፤ መነጽሬ አለና ሄደ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። ስድሳ ሦስት የማያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ የሚያጽናና ሰው፣ ከገዛ ሚስቱ ፊት አፉ ተሳሰረ። ቢያስቀኝም አዘንኩለት፤ ይህን ያህል ዓመት ያልተከፈተ በር አንዴ ገፋ ቢያደርጉት አይከፈትም።

ማክሰኞ ጠዋት ግን መጣ። እማዬ ሻይ ጥዳለች፤ እኔ ወደ ሥራ ለመሄድ ጫማዬን አስራለሁ። ጓዳው መሐል ገብቶ ቆመ። ሌላ መቆም ስለማያውቅ ካሜራ ፊት እንደሚቆመው ነው የቆመው፤ ቀጥ ብሎ፣ እጁን አጣምሮ።

«እንዴት አደርሽ?» አላት። ቀጠለና፣ «ጤናሽስ እንዴት ነው?» አለ።

እማዬ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን አየች። ማንም የለም። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እንዳልነገርኩት በዓይኔ ማልኩላት። ከዚያ ካርቶኑና ስልኩ የት እንዳለ ጓዳውን በዓይኗ ፈተሸች።

«ቀረጻ ነው?» አለችው።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አቆመህ?»

«እየጠበቅኩ ነው» አላት።

ሻዩ ገነፈለ። ማንም አላወረደውም። እማዬ ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ትንሽ ካመነታ በኋላ ከጎኗ ያለውን የድንች ጆንያ ስቦ ተቀመጠበት። ከጉልበቷ ጀመረች። ሥራ ረፍዶብኝ ስወጣ ገና ጉልበቷ ላይ ነበሩ። ለካ ካሜራ መልስ ስለማይሰጥ ነው ሰላምታው በአሥራ አንድ ደቂቃ ያልቅ የነበረው፤ እማዬ የመለሰችው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የአባዬ ሱቅ ረፍዶ ተከፈተ፤ ሦስት ደንበኞች መኪናቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ፈጣኑ ሁለቱን ወስዶበታል።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ወሰዳት። እኔ ደግሞ በቀረጻችን አዲስ ትእዛዝ መጣልኝ፤ ሰላምታው ወደ አንድ ደቂቃ ይውረድ፣ መጨረሻ ላይም፣ አሁን ቪዲዮውን አቁማችሁ መጀመሪያ ቤታችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፣ ከዚያ ተመለሱ የሚል ይጨመርበት። ስድሳ ሁለቱ ሰዎች ይህን ይስሙ ይዝለሉት አላውቅም። የአሥራ ሰባት ነጥብ ግን ከዚያ ወዲህ አልበራችም። አባዬም ተመልካች ጎደለብኝ ብሎ አላማረረም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የበራችው። ሐሙስ ቀን ነው፤ እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ተኝቻለሁ። ያን ዕለት ጠዋት አባዬን አንድ ልብስ ሰፊ በችኮላ አስጠርቶት ነበርና፣ ቁልፉን አንሥቶ እማዬን፣ መነጽሬን አይተሻል ብሎ ጠይቋት፣ ከእጇ ተቀብሎ፣ በሩን ዘግቶ ወጥቷል። ሌላ ምንም አላላትም። እማዬም ዕቃ አጠበች፣ ቤት ጠረገች፤ አራት ሰዓት ሲሆን ሳሎን ገብታ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ሰማኋት። ከዚያ የድሮው ድምፅ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

በሱቁ በኩል የሆነውን የነገረኝ ፈጣኑ ነው። አባዬ የአንዲት ደንበኛ መኪና ጠረጴዛው ላይ በታትኖ፣ ሴትዮዋም አጠገቡ ቁጭ ብላ ስለ ልጇ ትነግረዋለች። ወደ ላፕቶፑ ዞር አለ። የያዛትን ብሎን አስቀመጠ። ሽርጡን ሊፈታ ሞክሮ ቋጠሮው ሲያስቸግረው እንደለበሰው ወጣ። ደንበኛዋን፣ ይቅርታ፣ ቤት የረሳሁት ነገር አለ ብሏት፣ መንገዱን ተሻግሮ ፈጣኑን፣ እባክህ ይህችን መኪና ጨርስልኝ ብሎ ሄደ። ፈጣኑ እንደሚለው፣ በመንገድ ላይ ሰላምታ ያቀረቡለትን ሁሉ ሳይመልስ ነው ያለፈው፤ ሰፈሩ ይህን እስከ ዛሬ ያወራል።

በሩ ሲከፈት እማዬ ገና ስለ እንቅልፏ እየመለሰች ነበር። አባዬ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ቡናማ ሽርጡን እንዳደረገ ሳሎን ገባ። እጁን ሰደድ አድርጎ በስክሪኑ ላይ ያለውን ራሱን ዘጋው፤ ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ።

«እንዴት አደርሽ?» አላት፤ ጠበቀም።